ድባቴ መሆኑን በ14 ቀን፣ በአንድ ደብተር መለየት

«እህቴ ተለውጣብኛለች፤ ደብሯት ነው ወይስ ታማ ነው?» የሚል ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። ሐዋሳ ላይ የአእምሮ ጤና ነርስ መሆኔን ያወቀ ሰው ባጃጅ ውስጥም፣ ልቅሶ ቤትም ጎተት አድርጎ ይጠይቀኛል። ከፒያሳ አቶቴ እስክንደርስ ግን መልሱ አያልቅም። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ አስቀመጥኩት።

ራሳችሁን መርምሩ እያልኩ አይደለም። ምርመራ የባለሙያ ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ምልክቱን መዝግቦ፣ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ነው። ይህን አትናቁት። ድባቴ፣ ማለትም ዲፕሬሽን የሚባለው ሕመም፣ የያዘው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ግማሹን ይረሳል፣ ግማሹን ያፍርበታል፣ በመጨረሻ «ጨጓራዬን ነው» ብሎ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ራሳችሁን ስለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ወይም ይህን የምታነቡት እንዲህ ላለ ሰው ብላችሁ ከሆነ፣ 14 ቀን አትጠብቁ። አሁኑኑ ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ስስ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይም መጻፍ ይቻላል፤ ስልኩን ከፍታችሁ ቲክቶክ ውስጥ የማትቀሩ ከሆነ።
- በየማታው 5 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት። ለብዙ ሰው ከራት በኋላ ይመቻል። ሺፍት የምትሠሩ ከሥራ እንደገባችሁ አድርጉት።
- የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ስም። የወሊድ መከላከያና የባህል መድኃኒትም ይጨመር።
- የጤና መድን ደብተር ካላችሁ እሱ።
- አንድ የምታምኑት ሰው። ምክር አዋቂ ባይሆንም ግድ የለም፤ ሚስጥር ይጠብቅ እንጂ።

ደረጃ 1፦ የድሮውን ራሳችሁን ጻፉ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የዛሬ 6 ወር ምን ትመስሉ እንደነበር በጥቂት መስመር አስፍሩ። ስንት ሰዓት ትተኙ፣ ስንት ሰዓት ትነሱ ነበር? ቅዳሜ ከሰዓት የት ትገኙ ነበር? ማን ጋ ትደውሉ ነበር? ምን ያስቃችሁ ነበር?

ይህ ለምን ይጠቅማል? ምክንያቱም ሰው የሚለካው ከራሱ ጋር ነው። በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ሰው ዝም ቢል ምልክት አይደለም። ተረበኛው ዝም ሲል ግን ልብ ይባላል። ድባቴ ደግሞ ትዝታን ያጠቁራል። ከያዛችሁ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበርኩ» ያሰኛችኋል። ስለዚህ ይህን ገጽ ከምታምኑት ሰው ጋር ሆናችሁ ጻፉት። እሱ ያስታውሳል።

ደረጃ 2፦ ለ14 ቀን ዘጠኙን ምልክት መዝግቡ

በብዙ አገር ጤና ተቋማት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባል ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ አለ። በአማርኛም ተተርጉሞ እዚህ አገር ተሞክሯል። ከታች ያለው እሱው ነው፣ በእኔ አነጋገር። ማታ ማታ ቀኑን ጻፉና በዚያን ዕለት በታየው ቁጥር ላይ ብቻ ራይት አድርጉ።

1. ደስታ ማጣት። በፊት የምትወዱት ነገር ምንም አልመስላችሁ አለ፤ ኳሱም፣ መዝሙሩም፣ ልጅ ማጫወቱም።
2. ሐዘን ወይም ባዶነት። ሆድ መባስ፣ ተስፋ መቁረጥ።
3. የእንቅልፍ መዛባት። አልመጣ ማለት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ መቅረት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት።
4. ድካም። ሳይሠሩ መዛል። ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ መሆን።
5. የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ከልክ በላይ መብላት።
6. ራስን መውቀስ። «ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ»፣ «ምንም አልረባም»።
7. ሐሳብ አልሰበሰብ ማለት። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምንም አለመያዝ።
8. አነጋገርና አካሄድ ሰው እስኪያስተውለው መዘግየት፣ ወይም በተቃራኒው ቁጭ ብድግ ማለትና መቁነጥነጥ።
9. ሞትን መመኘት። «ምነው ተኝቼ በቀረሁ» ከሚለው ጀምሮ ራስን እስከ መጉዳት ሐሳብ ድረስ።

አሞላሉ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ለሐይቁ ቀረብ ያላችሁ ትንኝ የቀሰቀሰቻችሁን ሌሊት አትቁጠሩ። 3 ቁጥር ላይ ራይት የሚደረገው ያለ ምክንያት ስትነቁ ወይም ከነቃችሁ በኋላ ሐሳብ ሲይዛችሁ ነው። በጾም ወቅት 5 ቁጥር ያወናብዳል። አለመብላታችሁን ተዉትና ጾሙ ሲፈታ አምሯችሁ መብላታችሁን እዩ። ሽሮው ቀርቦ እጃችሁ እንቢ ካለ ራይት አድርጉ።

ከሁሉ የሚበልጠው 1 ቁጥር ነው። ሰው ድባቴን ከለቅሶ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። የማያለቅሱ፣ የማያዝኑ፣ ነገር ግን ምንም የማይጥማቸው ብዙ ሰዎች አሉ። «አዝነሻል?» ሲባሉ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። «መጨረሻ ደስ ያለሽ መቼ ነው?» ሲባሉ ነው የሚጠፋቸው።

ጫት የቃማችሁበት ቀን ላይ «ጫ»፣ የጠጣችሁበት ላይ «መ» ብላችሁ ጻፉ። ከምርቃና በኋላ የሚመጣው ድብርትና እንቅልፍ ማጣት፣ በማግስቱ ደግሞ ሐራራው፣ ድባቴን ቁጭ ይመስላሉ። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ፊደሉን ካልጻፋችሁ ሐኪሙም አይለየውም።

ደረጃ 3፦ ቁጠሩ

በ14ኛው ማታ እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ቀን ራይት እንዳገኘ ደምሩ። ከዚያ እንዲህ ለውጡት፦

- 0 ወይም 1 ቀን ከሆነ 0 ነጥብ
- ከ2 እስከ 6 ቀን 1 ነጥብ
- ከ7 እስከ 11 ቀን 2 ነጥብ
- ከ12 እስከ 14 ቀን 3 ነጥብ

የዘጠኙ ድምር ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ከ5 በታች ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ከ5 እስከ 9 ከሆነ ለ2 ሳምንት ደግማችሁ መዝግቡ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ የሚባለው ነው፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ሁለት ነገር ከድምሩ በላይ ይገዛል። አንደኛ፣ 9 ቁጥር ላይ አንድ ራይት ብቻ ብትኖር እንኳ በዚያው ዕለት ለሰው ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ድምሩ 8 ሆኖም ሥራ መግባት ወይም ልጅ ማብላት ካቃታችሁ ሂዱ። ሐኪም የሚያየው ምልክቱ ኑሯችሁን ማሰናከሉን ነው።

2 ሳምንት የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ክፉ ቀን ለማንም ይመጣል፣ ይሄዳልም። ድባቴ ግን አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይቆያል። ከዚህ ባጠረ ጊዜ መፍረድ ከባድ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰውነታችሁ የሚናገረውን ጨምሩ

ሐዋሳ ላይ «ጨጓራ የለብኝም» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የእውነት ጨጓራ ያለባቸው አሉ። ግን ኢንዶስኮፒ ተነሥተው፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጨርሰው ያልተሻላቸውም አሉ። ድባቴ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚመጣው፦ ጭንቅላት መጨምደድ፣ ውስጥን ማቃጠል፣ ልብ መምታት፣ ወገብና ትከሻ መውጋት፣ የስንፈተ ወሲብ ችግር። በደብተሩ የጎን ኅዳግ ላይ የሚያማችሁን ቦታና ሰዓት ጻፉ። ጠዋት ብሶ ከሰዓት የሚቀል ከሆነ በተለይ ይጻፍ።

በተቃራኒውም ተጠንቀቁ። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ስኳርና ቲቢ ድካምና ድብርት ያመጣሉ። ስለዚህ ባለሙያው ደም ቢያዝላችሁ «ያልኩትን አላመነኝም» ብላችሁ አትቀየሙ።

ለአራስ እናቶች፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ካለፈ፣ ወይም እናትየው ሕፃኑን ማየት ከጠላች፣ ወይም ሕፃኑ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ እንቢ ካላት ድካም ብቻ አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ ከነፍሰ ጡርና ከወላድ ሴቶች ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድባቴ ይይዛቸዋል። ገንፎና እንግዳ በሞላበት ቤት ውስጥ ግን ማንም አይጠይቃትም።

ደረጃ 5፦ ምልክቱን ሌላ ሰው ላይ ስታዩ

ለሌላ ሰው ነጥብ መስጠት አትችሉም። ከውጭ የሚታየው ለውጥ ብቻ ነው። እንዲህ አስቡት። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ አራት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አንደኛዋ ከሺፍት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ትጋደማለች። ራት ሲቀርብ «እናንተ ብሉ፣ እኔ በልቻለሁ» ትላለች። እሁድ እሁድ ፀጉሯን የምትሠራትን ጓደኛዋን «ሌላ ጊዜ» ማለት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ቤተሰብ ሲደውል ድምጿ ይስተካከላል፤ ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አብረዋት የሚኖሩት «ኮርታብን ነው» ብለው ተቀይመዋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። አንድ ላይ ሲመጡና ሲቆዩ ነው ነገሩ።

ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ሐዘን ሳይሆን ቁጣ ይወጣል። በትንሽ በትልቁ መጮህ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ባጃጁን አቁሞ «ሥራ የለም» ማለት። ተማሪ ላይ ውጤት መውረድና መነጫነጭ፣ ትልልቅ ሰዎች ላይ መርሳትና ከዕድርም ከቤተ ክርስቲያንም መቅረት። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ማናገር ነው። «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል፣ አለቀ። ይህ መልስ ሳይሆን ሰላምታ ነው። ያያችሁትን አንድ የተወሰነ ነገር አንሡ፦

- ለጓደኛ፦ «ሦስት እሁድ ኳስ ሜዳ አልመጣህም። ወቀሳ አይደለም፣ ናፍቀኸን ነው። ምን ሆነህ ነው?»
- ለአባት፦ «አባዬ፣ ሰሞኑን ሌሊት ሲነሡ እሰማለሁ። እንቅልፍ እንቢ አለዎት?»
- ለክፍል ጓደኛ፦ «ራት ከበላሽ ሰነበትሽ። የከበደሽ ነገር ካለ እሰማሻለሁ።»

ቦታውም ለውጥ አለው። ጎረቤት የተሰበሰበበት ቡና ላይ አይሆንም። ወደ ፍቅር ሐይቅ ወክ እያደረጋችሁ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ብትጀምሩት ይቀላል። ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ አፍ ይከፍታል። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም ምክር ለመሙላት ትቸኩላላችሁ፤ ታገሡ።

«ምን ጎደለህ?»፣ «ከአንተ የባሰ አለ»፣ «ጠንከር በል» አትበሉ። ሰውየው ራሱን እየወቀሰ ነው (6 ቁጥርን አስታውሱ)። እናንተ ሁለተኛ ከሳሽ ትሆናላችሁ። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው፣ ወሬውን ለመዝጋት ካልዋለ።

ደረጃ 6፦ ስለ ሞት በቀጥታ ጠይቁ

ሰው እዚህ ጋ ይፈራል። «ያላሰበውን አስታውሰዋለሁ» ይላል። አታስታውሱትም። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ጭነቱን ያቀልላል። በእርጋታ እንዲህ በሉ፦ «እንዲህ ሲብስብህ ሞት ያምርሃል? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?»

«አዎ» ካለ አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ ስለ ኃጢአት አትስበኩ። ከዚያ፦

- ብቻውን አትተዉት፤ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን።
- ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት፣ ፀረ ተባይና ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አውጡ ወይም ቆልፉበት። የከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት እጁ ላይ ምንም አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።
- «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «ብቻህን አትሸከመውም፣ አብረን እንሄዳለን» በሉት።
- በዚያው ቀን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ሰኞን አትጠብቁ። አምቡላንስ ካስፈለገ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ907 ይገኛል።

ስለ ሞት የምታስቡት እናንተ ከሆናችሁም ያው ነው። አሁን ቅርባችሁ ላለው ሰው «ብቻዬን እንዳትተወኝ» በሉት። ከዚህ በላይ ማብራራት አይጠበቅባችሁም።

ደረጃ 7፦ ጤና ጣቢያ ሂዱ

አስቸኳይ ካልሆነ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የጤና መድን ያላችሁ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ አለ። ከሌለም ለዚህ የሠለጠነ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ካለ ጠይቁ። ከበድ ያለው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሁላችን «ሪፈራል» ወደምንለው፣ ይላካል። እዚያ የሥነ አእምሮ ክፍል አለ።

ካርድ ክፍል መስኮት ላይ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ ዝርዝር የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ካርድ አውጡና ውስጥ ገብታችሁ ተናገሩ። ወላጃችሁን ከሆነ የወሰዳችሁት፣ ሐሳባቸውን የሚገልጹት በሲዳምኛ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ ጠይቁ። ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ እናትን «ሞት ያምርሻል?» ማለት ለሁለቱም ይከብዳል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ነው። በጨጓራ ከጀመራችሁ የጨጓራ መድኃኒት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «ላለፉት 2 ሳምንታት ምንም ነገር አያስደስተኝም፣ እንቅልፍም የለኝም፣ መዝግቤዋለሁ።» ከዚያ ደብተሩን ስጡ።

አንድ ነገር ሳትጠየቁም ተናገሩ። ከዚህ በፊት ለቀናት እንቅልፍ ሳያስፈልጋችሁ ጉልበት ሞልቶ የፈሰሰበት፣ ወሬ የፈጠነበት፣ ገንዘብ የበተናችሁበት ጊዜ ነበር? ይህ ሌላ ዓይነት ሕመም ሊሆን ይችላል። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ወደዚያ መልሶ ሊገፋችሁ ይችላል። እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት ካለም ንገሩ።

ደረጃ 8፦ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ

ለቀላሉ ድባቴ ብዙ ጊዜ የምክር አገልግሎት ይበቃል። መድኃኒት ካስፈለገ በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ሱስ አያስይዙም። ግን በ3 ቀን አይሠሩም፤ ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ማቅለሽለሹና አፍ መድረቁ ግን ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «ይባስ አሳመመኝ» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቁነጥነጥ ወይም የሞት ሐሳብ ከባሰ ቶሎ ተመለሱ።

ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቁሙ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። የሚቆመውም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ አደገኛ ስለሆነ ክኒኑን ቤተሰብ ይያዘው።

የተለመዱ ስሕተቶች

- 14ቱን ቀን በመጨረሻው ማታ በአንድ ጊዜ መሙላት። የዚያን ማታ ስሜት ሁሉንም ቀን ያቀልመዋል።
- «ሥራ ስላጣ ነው እንጂ አልታመመም» ማለት። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ሕክምና አያስፈልግም ማለት አይደለም። እግሩ የተሰበረው ባጃጅ ገጭቶት ነው ብለን ጄሶ አንከለክለውም።
- ከልቅሶ ጋር ማምታታት። ሐዘንተኛ ስለ ሟቹ ሲያወራ ያለቅሳል፣ ትዝ ሲለው ይስቃል፣ ራሱን ግን አይጠላም። ራሱን መጥላት ወይም መሞት መፈለግ ከጀመረ ሐዘን ብቻ አይደለም።
- እንቅልፍ ስለጠፋ ከፋርማሲ ዲያዚፓም መግዛት። ያስተኛል፣ ድባቴውን ግን አይነካውም፤ ልምድም ያስይዛል።
- ጠበል ወይስ መድኃኒት ብሎ ቤተሰብ መጣላት። ሁለቱም ይሂድ። ክኒኑ ግን ለጠበሉ ተብሎ አይቋረጥ።
- ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ደብተሩን መጣል። በሁለተኛው ቀጠሮ «ተሻላችሁ?» ስትባሉ «እ... መሰለኝ» ከማለት፣ ድምሩ ከ17 ወደ 11 መውረዱን ብታሳዩ መጠኑ ይቀጥል ወይስ ይለወጥ የሚለው በዚያ ላይ ይወሰናል። ከቀጠሮው በፊት ያሉትን 14 ማታዎች መዝግባችሁ ሂዱ።